በሕይወት ለመኖራቸው ምንጭ

የቅዳሜ ተማሪዎቼ ከጀርባዬ «እትዬ ምንጭ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቅጽል ስም ሲወጣ ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን ነው፤ የተቆጡበት እንደሆነ ይጣበቃል። ደግሞም አልዋሹም። ሠላሳ አንድ ዓመት በቤተ መጻሕፍት ካርድ ስጽፍ፣ መጽሐፍ ስመድብ፣ የተገነጠለ ሽፋን ስለጥፍ ኖሬ ጡረታ ወጣሁና፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ከግድግዳ ጋር ከማወራ ብዬ የያዝኩት ሥራ ሰውን «ምንጭህ የታለ?» እያሉ መነዝነዝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንም ሰው ገብቶ ሊጽፍበት የሚችል የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት አለ። የሰው የሕይወት ታሪክ ልንጽፍበት እንፈልጋለን የሚሉ አዳዲስ ሰዎች ይመጣሉ፤ አንዱ ስለ አስተማሪው፣ አንዷ ስለ አጎቷ፣ ሌላው በልጅነቱ ስላየው በረኛ። ሁሉም ፍቅር ይዘው ይመጣሉ እንጂ ማስረጃ ይዞ የሚመጣ የለም። የእኔ ድርሻ በድሮው መሥሪያ ቤቴ ሁለተኛ ፎቅ፣ የቆዩ ጋዜጦች በሚቀመጡበት ክፍል፣ ስምንት ኮምፒውተሮች ፊት አስቀምጬ ማስረጃ አፈላለግ ማስተማር ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እላቸዋለሁ። ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር የታተመ ምንጭ፤ ምንጭ ከሌለው ይወጣል። አልቅሰው የወጡብኝ አሉ። እኔም ሰው ሲያለቅስ አንጀቴ አይችልም፤ ግን ለአንዱ ካዘንኩ ለሁሉም ማዘኔ ነው፣ ያን ጊዜ መዝገቡ የአሉባልታ መደብር ይሆናል።

ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም። ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንዲታወቅልኝ ነው።

ሴትየዋ የመጣችው የዚያ ዙር ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። አርባዎቹን እያገባደደች ያለች ልብስ ሰፊ ናት። ሥራዋን ሳትነግረኝ ነው ያወቅኩት፤ ሹራቧ ደረት ላይ ክር ያለባቸው ሁለት መርፌዎች ሰክታ ረስታቸዋለች። የመመዝገቢያው ወረቀት ላይ ስሟንና አድራሻዋን ሞልታ ሦስተኛው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ስለ ማን መጻፍ እንደምትፈልግ ስጠይቃት «መጻፍ እንኳ አይደለም፣ ማስተካከል ነው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እናቴ ሞታለች ይላል። አልሞተችም።»

ገጹን ከፈተችልኝ። ርዕሱን ሳየው፣ እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር፤ ገጹ የእኔ ነዋ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ገና ለማጅ ሳለሁ፣ ከሁሉ በፊት የጻፍኩት ስለ እኚህ ሴት ነበር። የቀትር ዜና አንባቢ ነበሩ፤ ሃያ ስድስት ዓመት አንብበዋል። በካርድ ክፍላችን ውስጥ አንዲት አሮጌ ራዲዮ ነበረች፤ የእሳቸው ድምፅ ሲመጣ፣ ሰው ሲያርፍ ማየት የማይወደው አለቃችን እንኳ እስክሪቢቶውን ያስቀምጥ ነበር። ወፍራም፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው። የሞት ዜና ላይ ሲደርሱ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ያነባሉ። እኔ ያቺን ዝምታ ለመስማት ብዬ የማላውቃቸውን ሰዎች ሞት ሁሉ አዳምጥ ነበር።

የገጹ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከዚህ ዓለም በሞት እንደተለዩ ይናገራል። ከግርጌው ምንጭ ተጠቅሶለታል፤ የአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ዓምድ፣ ከነቀኑ፣ ከነገጹ። ንጹሕ ሥራ ነው ብዬ አሰብኩ።

ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገሩን አስረዳችኝ። ራዲዮ ጣቢያው ሃምሳኛ ዓመቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊያከብር ነው። የድሮ ዜና አንባቢዎች ሁሉ ተጠርተዋል፤ እያንዳንዳቸው ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጠው አንድ አንድ ዜና ያነባሉ። እናቷ ጥሪውን ቢጠብቁ ቢጠብቁ አልመጣም። ልጅየዋ ጣቢያው ድረስ ሄዳ የሕዝብ ግንኙነቱን ሰውዬ ብታናግረው፣ ይህንኑ ገጽ ከፍቶ «እትዬ፣ እናትዎ እኮ አርፈዋል» አላት። የእናቷን መታወቂያ አሳየችው። ግን እናቷ በራዲዮ የሚታወቁበት ስም ጣቢያው ያወጣላቸው ነው፤ መታወቂያቸው ላይ ያለው ሌላ ነው። ሰውዬው መታወቂያውን አገላብጦ አየና «መዝገቡ ላይ ይስተካከል፤ እኛም እናስተካክላለን» ብሎ ሸኛት።

«ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም» አለችኝ። «አምስተኛ ፎቅ ነው ያለነው፤ አሳንሰሩም አይሠራም። ግን በወንበር ተሸክመው የሚያወርዷት ሁለት ጎረቤቶች አዘጋጅቻለሁ። ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አስተኩሳኛለች። የቀረው ወረቀቱ ነው።»

«ልጄ» አልኳት፣ ያቺን የአስተማሪ ድምፄን አውጥቼ፣ «ይህ ዐረፍተ ነገር ምንጭ አለው። ጋዜጣ ነው። አንቺስ በሕይወት ለመኖራቸው ምን ምንጭ አለሽ?»

«እሷ ራሷ ናታ!»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። እሷ አልሳቀችም። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣችና ቁጥር ነክታ ዘረጋችልኝ። «ያናግሯት። የድሮ ሰው ነዎት፤ ድምፅዋን ሲሰሙ ያውቋታል።»

«ድምፅ ምንጭ አይሆንም» አልኩ። ግድግዳው ላይ ወዳለው ማስታወቂያ በጣቴ እያመለከትኩ «ደግሞ እዚህ ክፍል ውስጥ ስልክ ክልክል ነው» አልኳት።

ስልኩን መለሰችው። ሌላው ሰው ሥራውን ቀጠለ፤ እሷ ትምህርቱ እስኪያልቅ የእናቷን ገጽ ከፍታ ስታየው ቆየች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በጠዋት መጣች። የእናቷን መታወቂያ፣ የሐኪም ካርዳቸውን፣ ደግሞም በዚያው ጠዋት የተነሳ ፎቶግራፍ ይዛለች። በፎቶው ላይ አንዲት አሮጊት የዕለቱን ጋዜጣ ቀኑ እንዲታይ አድርገው ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ የታገተ ሰው በሕይወት መኖሩ የሚነገረው እንዲህ ነው ብለው ራሳቸው ናቸው አሉ ያስነሱት። ፎቶው አልታተመም፣ ምንጭ አይሆንም አልኳት። መታወቂያው ስሙ ሌላ ነው አልኳት። የጻፈው ጋዜጣ ማረሚያ ያውጣ አልኳት።

«ጋዜጣው ከተዘጋ አራት ዓመት ሆኖታል» አለችኝ።

«ጋዜጠኛውስ?»

«አገር ለቆ ሄዷል። ማንም አድራሻውን አያውቅም። ጠይቄያለሁ።»

«እንግዲያው ምን ላድርግልሽ?» አልኳት። ይህን ስል ጥያቄ አልነበረም። ማብቃቱን መንገሬ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ነገር እንዳለብኝ ሟች እናቴም ትነግረኝ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ካልተናገርኩት ያንቀኛል። ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው ደንብ አለ፤ በሕይወት ስላለ ሰው ስትጽፉ ከተጠራጠራችሁ አውጡት፤ ሰው ከሚጎዳ ገጹ ይጉደል። ከአርባ ለሚበልጥ ሰው አስተምሬዋለሁ። እሳቸው ግን እኔ ዘንድ ሙት ስለነበሩ የሕያዋን ደንብ አልደረሰላቸውም።

ረቡዕ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ያ ገጽ መነካቱን ኮምፒውተሬ ነገረኝ። ልብስ ሰፊዋ ከቤቷ ገብታ የሞታቸውን ዐረፍተ ነገር አጥፍታለች። በቦታው «እናቴ በሕይወት አለች። አሁን ምሳዋን እየበላች ነው።» የሚል ጽፋለች። ሰዓቱን አይቻለሁ፤ በአራት ደቂቃ ውስጥ ነው የሰረዝኩት። የድሮውን ዐረፍተ ነገር መለስኩና፣ ለጀማሪ የሚላከውን የተዘጋጀ ማስጠንቀቂያ፣ ምንጭ ያለውን ጽሑፍ ማጥፋት እንደማይፈቀድ የሚናገረውን፣ ላክሁላት። ከዚያ ምሳዬን በላሁ።

በተከታዩ ቅዳሜ አልመጣችም። ወንበሯ ባዶ ነው። የጣቢያው በዓል የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲለፍፉት ነበር። እልህ ይሁን ጸጸት እንጃ፣ ብቻ ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል። ስለዚህ ያንን ገጽ የዕለቱ ትምህርት ላደርገው አሰብኩ። ትክክል እንደሆንኩ ሰባት ሰው እንዲያይልኝ ፈልጌ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ገጹን ግድግዳው ላይ በትልቁ አበራሁት። «እያንዳንዱ ገጽ ታሪክ አለው» አልኳቸው። «ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጻፈ አንድም ሳይቀር ተመዝግቧል። አሁን የሞታቸውን ዐረፍተ ነገር ማን እንዳስገባው እንይ።» ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄድኩ። ዘጠኝ ዓመት ላይ ስደርስ መስመሩ ወጣ። ያስገባው ሰው ስም «ካርድ ክፍል» ይላል። ካርድ ክፍል እኔ ነኝ።

አልደነገጥኩም። ጋዜጣውን አንብቤ የጻፍኩት ይመስለኝ ነበር። «አያችሁ፣ እኔው ነኝ» ብዬ በኩራት ልቀጥል ስል፣ ከኋላ የሚቀመጠው ጡረተኛው የጂኦግራፊ አስተማሪ እጁን አነሳ። ሰው የማያስቀይም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ፣ «ጋዜጣው የወጣበት ቀን ግርጌው ላይ ተጽፏል። እርስዎ ከጻፉ ከአራት ቀን በኋላ ነው የወጣው። ታዲያ ጋዜጠኛው ከየት አምጥቶት ይሆን?»

ማምለጫ ሰበብ ስፈልግ ዐይኔ መደርደሪያው ላይ ዐረፈ። ያ ሳምንታዊ ጋዜጣ የታሰረበት ጥራዝ እኔ ራሴ የለጠፍኩበት ቁጥር እንዳለበት እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። «ድምፃቸው የሰውን እጅ ከሥራ ያስቀምጥ ነበር» ይላል ዓምዱ። የእኔ ዐረፍተ ነገር ነው። ቀጣዩም የእኔ ነው። ጋዜጠኛው ከእኔ ገጽ ላይ ቃል በቃል ገልብጦ ዓምዱን ሞልቷል፤ እኔ ደግሞ ጋዜጣውን አግኝቼ ለራሴ ወሬ ምስክር አድርጌ አቁሜዋለሁ። ግድግዳው ላይ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው መስመር፣ የጻፍኩት ማስታወሻ ሳይቀር ይታያል። «ምንጭ ተገኘ!» ይላል፤ ከነቃለ አጋኖው።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ሠርግ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ስሟን እንኳ የማላውቃት ሴት፣ ስለ ድሮ ራዲዮ ስናወራ «እኚያ ዜና አንባቢ እኮ ሞቱ፣ ነፍስ ይማር» አለችኝ። አዘንኩ። ቤቴ ገባሁና ጻፍኩት፤ ምንጩን በኋላ እፈልግለታለሁ ብዬ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው።

ተማሪዎቼ ፊት ዐረፍተ ነገሩን አጠፋሁት። ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ «የእኔ ስህተት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ስልክ ክልክል ነው ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ቆሜ ራዲዮ ጣቢያው ደወልኩ።

የሕዝብ ግንኙነቱ ሰውዬ ጨዋ ነው፤ አልተቆጣኝም። «እሜቴ፣ ልጅየዋ ስትመጣ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር» አለኝ። «አሁን ሁለት ሰዓት አልቀረውም። የዝግጅቱ ጽሑፍ ተባዝቶ መድረክ መሪው እጅ ገብቷል። እስቲ እሞክራለሁ።» እስቲ እሞክራለሁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሠላሳ አንድ ዓመት መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ያውቃል።

አድራሻዋን ከመመዝገቢያው ወረቀት ላይ ገልብጬ ሄድኩ። አምስቱን ፎቅ በእግሬ ወጣሁ፤ በየደረጃው እየቆምኩ። በሩን ልጅየዋ ከፈተች። አንገቷ ላይ ሜትሯ ተንጠልጥሏል። ከበሩ ሳትነሳ አየችኝ።

«ምንጭ ፈልገው መጡ?» አለችኝ።

«አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። መጀመሪያውኑም እኔ ነኝ።» ትንፋሼ አጥሮ ስለነበር ከዚህ የበለጠ አልወጣልኝም።

ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ።

አንዲት ቃል ናት። ያ ወፍራም፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው፤ ጥቂት ሻክሯል እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም። «ያናግሯት» ብላኝ ነበር እኮ። አንድ ደቂቃ ስልኩን ብይዝላት ኖሮ የዚያኑ ዕለት ነገሩ ያልቅ ነበር።

ዜና አንባቢዋ መስኮቱ አጠገብ፣ የልጃቸው የስፌት መኪና ጎን፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ቀይ ቀሚስ ለብሰዋል፤ የእጅጌው የመተኮሻ መስመር ገና አልጠፋም። ፀጉራቸው ተሠርቷል። እንደማይሄዱ እያወቁ ለብሰዋል።

«ለራዲዮ ማን ያየኛል ብዬ አላውቅም» አሉኝ፣ ቀሚሳቸውን ሳይ አይተውኝ። «ሁልጊዜ ለብሼ ነው የማነበው። ተቀመጪ፣ የመጣሽበትን ተናገሪ።»

ተናገርኩ። ሠርጉን፣ ጋዜጣውን፣ ረቡዕ ቀን የሰረዝኩትን፣ ሁሉንም። ልጃቸው ግድግዳውን ተደግፋ ታዳምጣለች። ስጨርስ እናትየው ጠየቁኝ።

«ስንት ዓመቴ ነው?»

«ምኑ?»

«ከሞትኩ።»

«ዘጠኝ።»

«ከርሜያለሁ በይኛ» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ብዙ አልቆየም። «ስልኩ ዝም ያለው ለዚህ ነው እንግዲህ። በፊት በበዓል በበዓል የሚደውሉ አድማጮች ነበሩኝ። ሰው ረሳኝ ብዬ ስንት ቀን ተከፋሁ! ለካ አልቅሰውልኝ ጨርሰዋል።»

ይቅርታ ልጠይቅ ጀመርኩ። በእጃቸው አስቆሙኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምን አልደወልሽም? በእኛ ጊዜ የሰው ሞት እጄ ሲገባ፣ ከማንበቤ በፊት ለቤተሰቡ ይደወላል። ራሴ ነበርኩ የምደውለው፤ ለሰው አልሰጥም። ከዚያ ስቱዲዮ ስገባ የዚያ ቤት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው። አንዳንዴ ማንበብ ያቅተኛል፤ ትንሽ ዝም እላለሁ።»

ያ ለሃያ ስድስት ዓመት ካርድ አስቀምጬ ያዳመጥኩት ዝምታ ይህ ነው። አለቀስኩ፤ እሳቸው ፊት ማልቀስ ባይገባኝም አለቀስኩ። ልጃቸው አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ።

«በይ አንብቢልኝ» አሉ እናትየው። «ስለ እኔ ምን እንደሚል እስቲ ልስማ። ዐይኔ ድሮ ቀረ።»

ስልኬን አውጥቼ ገጹን ከመጀመሪያው አነበብኩላቸው። የተወለዱበትን ዓመት አረሙኝ፤ አንድ ዓመት አስረጅቻቸዋለሁ። የመጀመሪያ ዜናቸው ስለ ድልድይ ምረቃ ነው የሚለው ላይ «የዱቄት ፋብሪካ ነው፤ ድልድዩን የመረቁት በዓመቱ ነው» አሉ። መጨረሻው ላይ ደረስኩና ዝም አልኩ።

«ቀጥሎስ?»

«ቀጥሎ ምንም የለም። እዚያ ላይ ነው የሚያቆመው።»

«ጥሩ» አሉ። «እዚያው ይቁም።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን ራዲዮውን ከፈቱት። ሙዚቃ፣ ንግግር፣ ጭብጨባ። ከዚያ የድሮዎቹ አንድ በአንድ ማይክሮፎኑ ፊት እየቀረቡ አነበቡ። እሳቸው በየድምፁ ሰውየውን ያውቁታል፤ «ይሄ እኔ ያስተማርኩት ነው፣ አሁንም ዐረፍተ ነገሩን ይውጠዋል» ይላሉ። ልጅየዋ በየመሐሉ ወደ ጣቢያው ትደውላለች፤ መስመሩ ተይዟል ይላታል። በመጨረሻ መድረክ መሪው «በሞት የተለዩንን እናስብ» አለና ስም ያነብ ጀመር። አራተኛው ስም የእሳቸው ነው፤ ያ ጣቢያው ያወጣላቸው ስም። የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ተባለ። ራዲዮው ጸጥ አለ።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። እሳቸው የእጅ ሰዓታቸውን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ይዘዋል። ሙዚቃው ሲመለስ እጃቸውን አወረዱት።

«ሠላሳ ስምንት ሰከንድ» አሉ። «አንድ ደቂቃ ብለው! ራዲዮ ላይ ዝምታ ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ግን ለሙት እንኳ ይሰሰታል?»

ልጃቸው መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተለወጠና ወደ ወጥ ቤት ገባች። ቧንቧ ሲከፈት ሰማን።

እናትየው ራዲዮውን ዘጉት። ከወንበራቸው ላይ ቀና ብለው ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሰዓቱን ተናገሩ፣ ስማቸውን ተናገሩ፣ ያን የራዲዮውን ስም፣ አንድ ዜናም አነበቡ። በእጃቸው ወረቀት አልነበረም። ስለ ዱቄት ፋብሪካው ነው። የተፈጨውን ኩንታል ቁጥር ሳይቀር ያውቁታል። ልጃቸው ፊቷን እንደታጠበች ሳታደርቅ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ስልኬ እጄ ላይ ነበር፤ ልቀዳው እችል ነበር። ዐይን አውጣ እንዳልባል ፈርቼ ተውኩት። ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስወጣ እጄን ያዙኝ። «ሁለተኛ ስሞት ግን እንዳትቸኩዪ» አሉኝ። «መጀመሪያ ከልጄ ስሚ።»

ማክሰኞ ቀን ጣቢያው የይቅርታ ደብዳቤ ላከ። መጥተው ድምፃቸውን ሊቀዱ ቀጠሮ ያዙ፤ መኪና የለም ተባለ። ሌላ ቀን ያዙ፤ ባለሙያው መስክ ወጣ። እኔ ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ ገጹን ከእሳቸው ጋር አርም ነበር፤ የነገሩኝን በቤተ መጻሕፍቱ ጋዜጦች ውስጥ ስፈልግ እውል ነበር፣ አብዛኛውን አገኘሁት። የዱቄት ፋብሪካውንም አገኘሁት። ከበዓሉ በሰባተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ልጃቸው ደወለችልኝ። ምንም ሳትናገር ብዙ ቆየች። እኔም ዝም አልኩ።

ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። የጂኦግራፊ አስተማሪውም ከሌሎቹ ተማሪዎቼ ጋር መጥቷል። ከቀብር ስመለስ ማንነቱን የማላውቀው ሰው ገጹ ላይ የሞቱበትን ቀን አስገብቶ አገኘሁ። ሰረዝኩት። «ምንጭ አልቀረበም» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ሌላ ሰው አስገባ፤ ሰረዝኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሰርዝ የጂኦግራፊ አስተማሪው መልእክት ላከልኝ። «እትዬ፣ ቀብሩ ላይ አብረን ነበርን» ይላል። ሌላ አልጨመረም። እኔ ግን ሰው እንዳያስገባ ገጹን ስጠብቅ ሰነበትኩ። ማንም ቢጠይቀኝ ደንብ ነው እል ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ማንንም ሳታይ ሦስተኛው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠችና ከቦርሳዋ የታጠፈ ጋዜጣ አወጣች። ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች በቀኝ በኩል፣ የእናቷ ፎቶግራፍ አለ። ከሥሩ ሁለቱም ስማቸው ታትሟል።

«ይኸው፣ ምንጭ አምጥቻለሁ» አለችኝ።

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የግርጌ ማስታወሻ እንዴት እንደሚገባ አሳየኋት፤ የጋዜጣውን ስም፣ ቀኑን፣ ገጹን፣ ዓምዱን። ፊደሎቹን በአንድ ጣቷ እየፈለገች ቀስ ብላ ጻፈች። ዐረፍተ ነገሩን ራሷ ነው ያወጣችው፤ አንድ መስመር ነው፤ ምንም አላረምኩላትም። ጨርሳ እጇን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆየች።

«እሷ ራሷ አለሁ ስትል ምንጭ አልሆነችም» አለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር። «አሁን ይሄ ወረቀት ይበቃል?»

«ይበቃል» አልኳት።

ተጫነችው። ኮምፒውተሩ ጽሑፏ መቀመጡን ነግሮ አመሰገናት። እናቴ በሕይወት አለች ብላ የጻፈችውን በአራት ደቂቃ ውስጥ ሰርዤባት ነበር። ይህኛውን እስከ ዛሬ ማንም አልነካውም።